ሽማግሌ የላከው ኮምፒዩተር

ሆሳዕና ውስጥ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ስሙ ቢጠራ ለማንም አይጠቅምምና ይቅር፣ ሪፖርት ሁሉ በሳጥን የሚጻፍበት አንድ ዓመት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሮቹ በቫይረስ ተበልተው ተበልተው አልነሳ ሲሉ፣ ለጥቂት ወራት በበጎ ፈቃድ ሊሠራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ጫነባቸውና ወደ አገሩ ሄደ። ቫይረሱ ጠፋ። የአማርኛው ፊደልም አብሮ ጠፋ። "ለ" ቢመታ ሳጥን፣ "መ" ቢመታ ሳጥን። ገጹ ሲታተም ከላይ እስከ ታች ትንንሽ ባዶ አራት ማዕዘን የተደረደረበት ሆኖ ይወጣል፤ የሚነበብ ነገር ቢኖር ቁጥሩና ማህተሙ ብቻ ነው። ሪፖርት ደግሞ አይቋረጥም። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት በሳጥን ተዘጋጀ፣ ተፈረመበት፣ ለበላይ አካል ተላከ። ብዙም ሳይቆይ "ሪፖርታችሁ በጥሩ ሁኔታ ተጠናቅሮ ደርሶናል፤ በዚሁ ቀጥሉ" የሚል ምላሽ መጣ። የዕቅድ ባለሙያው አቶ ተክለጊዮርጊስማ በስብሰባ ላይ ሳጥኑን እያዩ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ሐሳቡን የጻፉት ራሳቸው ስለሆኑ በቃላቸው ይወጡታል፤ አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳቱም "እዚህ ጋ የሳጥን ግድፈት አለ" ብለው ያልፉታል።

ይህን ጉድ የማስተካከል ሥራ የብርነሽ ነበር። ብርነሽ የአንጋጫ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት አጎቷ ለትምህርት ሆሳዕና አምጥተው አሳደጓት፤ እሷም ኮምፒዩተር ተማረችና እዚያው መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። ሰው ከማስቆጣት ይልቅ ራሷ ብትቃጠል የምትመርጥ፣ በሆዷ ግን ሁሉን የምትናገር ዓይነት ናት።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። ሊኑክስ ላይ ሶፍትዌር ለመጫን ሲዲ ፍለጋ መንከራተት የለም። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ አንድ መስመር ትዕዛዝ ይጻፋል፣ ኮምፒዩተሩ በኢንተርኔት ሩቅ አገር ወዳለ መጋዘን ሄዶ የተባለውን ጥቅል ያመጣል። ጥቅሉ ያለ ሌሎች ጥቅሎች የማይሠራ ከሆነ እነሱንም ለቃቅሞ ይመጣል፤ ያረጀ ካለም በዚያው ያድሳል። ከመነሳቱ በፊት ግን ቆም ብሎ ይጠይቃል፦ እነዚህ እነዚህ ይመጣሉ፣ ይሄ ይሄ ይወጣል፣ ይሄን ያህል ሜጋ ባይት ይጫናል፣ ይሄን ያህል ቦታ ይይዛል፤ ልቀጥል? ለእሺ ዋይ፣ ለእምቢ ኤን። በቃ፣ ይኸው ነው። ብርነሽ ዋይን ብትጫን ሳጥኑ ሁሉ ፊደል በሆነ ነበር።

ዋይን መጫን ግን ተከልክላለች።

ቀደም ሲል የሂሳብ ክፍሏን የወይዘሮ እልፍነሽን ኮምፒዩተር ስታድስ ያው ጥያቄ መጥቶ ነበር። እሷም እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው እሺ ብላ አለፈች። እድሳቱ ሲያልቅ ወይዘሮ እልፍነሽ ከምሳ በኋላ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ከቦታው የለም። በቀጣዩ ግምገማ ላይ ተነሱና "ብርነሽ ማሽን ሲጠይቃት ብቻዋን እሺ ትላለች" ሲሉ ሂስ አቀረቡባት። ስለ ካርታው ማንም አላነሳም፤ "ብቻዋን" የሚለው ቃል ነው ሰዉን ያስደነገጠው። ተመከረበት፣ ተወሰነ፦ ከእንግዲህ ማንኛውም ማሽን ጥያቄ ሲያቀርብ መልሱን የሚሰጡት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው።

ኃላፊው አቶ አሸቦ ናቸው። አቶ አሸቦ ደግሞ ያው አሳዳጊ አጎቷ ናቸው። በዘመድ ገባች እንዳትሉ፤ እሷ ተወዳድራ ገብታ ከቆየች በኋላ ነው እሳቸው ተሹመው በላይዋ ላይ የመጡባት። ከሹመታቸው ይልቅ ግን የሚታወቁት በሌላ ሙያ ነው። ከሌሞ እስከ አንጋጫ፣ ዘመድ ቤት ውስጥ ልጅ ልትጠየቅ ሽማግሌ መጣ ከተባለ አቶ አሸቦ ይጠራሉ። ሥራቸው እምቢ ማለት ነው። በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ የሚል ቤተሰብ ልጁን የጠላ ቤተሰብ ነውና፣ ሽማግሌ መጥቶ ይመለሳል፣ ደግሞ መጥቶ ይመለሳል። እንደ አቶ አሸቦ አድርጎ ማንም ሳይቀየም፣ ማንም ተስፋ ሳይቆርጥ እምቢ የሚል ሰው በአካባቢው የለም ይባላል። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ጥያቄ የሚባል ነገር ሲመጣባቸው ኮታቸውን ይቆልፋሉ።

የፊደሉ ጥቅል የተጠየቀ ዕለትም ኮታቸውን ቆለፉ። ወንበር አስመጥተው ከኮምፒዩተሩ ማያ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አቶ ተክለጊዮርጊስ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ ከጎናቸው ቆሙ።

"ምን ይላል?" አሉ አቶ አሸቦ።

"ጋሼ፣ የፊደሉን ጥቅል ላምጣ ወይ ነው የሚለው" አለች ብርነሽ።

"ብቻውን ነው የሚመጣው?"

"አይ፣ ሌሎችም አብረውት ይመጣሉ። ያለ እነሱ አይሠራም።"

አቶ አሸቦ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጥሩ። ዘመድ አለው ማለት ነው። ስንት ይዞ ይመጣል?"

"ሁለት መቶ ሜጋ ባይት ገደማ።"

"እኔ ምለው፣ ብዙ ነው ትንሽ?"

"ጋሼ፣ ዝም ብሎ መጠኑ ነው።"

"መጠን ዝም ብሎ አይነገርም፣ ልጄ። አስበውበት ነው የሚናገሩት።" ወደ ማያው ጠጋ አሉ። "እሺ ቢባል አሁን ምን ይደረጋል?"

"ዋይን እጫናለሁ። እንዲያውም ምንም ሳልጽፍ ባልፈውም እሺ ማለት ነው። ዝም ካሉት እሺ እንዳሉት ይቆጥረዋል።"

ይህን ሲሰሙ አቶ አሸቦ ክው አሉ። "ይሄማ ነውር ነው! ዝም ያለ ሰው መቼ እሺ አለ? ዝም ያለ ሰው እያሰበ ነው። አቶ ተክለጊዮርጊስ፣ ይቺ ትያዝልኝ።"

አቶ ተክለጊዮርጊስ ያዟት።

"ታዲያ ምን ልበለው?" አለች ብርነሽ።

"ዛሬ ገና ነው ያየነው። ሄዶ ይመለስ በይው።"

"ይመለስ የሚል የለውም። እሺና እምቢ ብቻ ነው።"

"እምቢ በይዋ። የእውነት የሚፈልግ ከሆነ ይመለሳል።"

ብርነሽ ኤንን ተጫነች። መስኮቱ ላይ አንዲት ቃል ብልጭ አለች።

"ምን አለ?"

"ተቋርጧል አለ።"

"ተቀይሞ ነው?"

"ኸረ አይቀየምም፣ ጋሼ።"

"እሱን እናያለን" ብለው ተነሱ፤ ደስ ብሏቸዋል።

ብርነሽ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ቅር ብሏት ነበር። ስለ ፊደሉ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ሳጥኑን ሰዉ ለምዶታል። ግን ያቺን "ሄዶ ይመለስ" የምትል ቃል ከፋሲካ በኋላ በአጎቷ ሳሎን፣ ከጓዳው በር ጀርባ ቆማ ሰምታታለች። ያን ዕለት የተመለሱት ሰዎች እሷን ሊጠይቁ የመጡ ነበሩ።

ቢንያም የሺንሺቾ ልጅ ነው፤ እዚያው የጤና ባለሙያ ነው። የተዋወቁት ዱራሜ ለሥልጠና ሲሄዱ ነው። ፍላሹን ሊሰካ ሲል "ቫይረስ አለበት፣ አውጣ" አለችው። በማግሥቱ ሌላ ፍላሽ አመጣ፤ እሱም አለበት። ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ፍላሽ መጥቶ "ዛሬስ ልቀመጥ?" አላት። ሳቀች። እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ይወዳታል፣ ትወደዋለች፤ ይሄን ያህል ቀላል ነገር ነው እንግዲህ በሽማግሌ እጅ የገባው።

የሽማግሌዎቹ መሪ የቢንያም አባት ታላቅ ወንድም አቶ ሎምቤቦ ናቸው። ያኔ ከፋሲካ በኋላ ሲመጡ የአጎቷ ሚስት እትዬ አባይነሽ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አታካና ሠርተው፣ ቅቤው ላዩ ላይ እስኪንሳፈፍ አድርገው አቅርበው ነበር። ሽማግሌ ግን መልስ ሳያገኝ እጁን ወደ ገበታ አይሰድም። አቶ ሎምቤቦ ተናገሩ፣ አቶ አሸቦ ሰሙ፣ "እንመክራለን፤ ሂዱና ተመለሱ" አሉ። ሰዎቹ ወጡ። ቅቤው ረግቶ፣ አታካናው ቀዝቅዞ ቀረ። እትዬ አባይነሽ ሳህኑን እያነሱ "እኔ የምሠራው ለማን ነው?" አሉ።

ብርነሽ በዚያው ሳምንት ደፍራ ጠይቃቸው ነበር። "ጋሼ፣ ልጁን አልወደዱትም?"

"በጣም ወድጄዋለሁ እንጂ።"

"ታዲያ?"

አቶ አሸቦ ወደ መስኮቱ ዞሩ። "አባትሽ ቢኖር ኖሮ ቶሎ እሺ ቢልም ማንም አይናገረውም። እኔ ቶሎ እሺ ብል ግን አባት የላትም ብለው በአንድ ቀን ሰጧት ይሉሻል። ይሄ ሲባልብሽ አልሰማም።"

ይህን ያሉበት ድምፅ እውነተኛ ነበር። ብርነሽም የሚያናድዳት ይኸው ነው፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ትጣላቸው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የፊደሉ ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ ቀረበ። መብራት በፈረቃ ስለነበር የመብራቱ ተራ የደረሰበት ቀን ተመረጠ። በዚህኛው ጊዜ የመጡት አቶ ተክለጊዮርጊስ ብቻ አይደሉም፤ ወይዘሮ እልፍነሽም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወንበር ይዘው መጡ። ብርነሽ ያቺኑ ትዕዛዝ ጻፈች። ኮምፒዩተሩ ያንኑ ጥያቄ፣ ቃል ሳይለውጥ፣ ሳይኮራ ሳይቀየም አቀረበ።

"ተመለሰ!" አሉ አቶ አሸቦ። "አላልኩም? ስንት ይዞ መጣ?"

ብርነሽ አየች። መናገር አልፈለገችም፤ ግን መዋሸት አትችልም። "ሁለት መቶ ሰባ።"

"ያኔ ስንት ነበር?"

አቶ ተክለጊዮርጊስ ቃለ ጉባኤውን ገለጡ። ቃለ ጉባኤው ሳጥን ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል። "ሁለት መቶ ይላል።"

አቶ አሸቦ ከወንበራቸው ተነሱ። ፊታቸው በራ። "ሲከለከል ጨመረ!"

"ጋሼ፣ እንደዚያ አይደለም" አለች ብርነሽ። "እኛ ሳናድስ በቆየን ቁጥር መጋዘኑ ውስጥ አዳዲስ ነገር ይከማቻል። ያልወሰድነው ነው የበዛው።"

"ሁሉም ሽማግሌ እንደዚያ ነው የሚለው። ከፍርሃት ነው የጨመርኩት የሚል ሽማግሌ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ቀስ እያለ ሦስት መቶ ይገባል" አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ሆዳቸው እየባባ። "የኔን ካርታም ይዞ ይመጣ ይሆናል።"

ኤን ተጫነች። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ጨዋታ አያውቅም። መብራት በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ብርነሽ ጋ ጎራ ብሎ "ዛሬስ ስንት ደረሰ?" ይላል። ጥያቄው ይጠራል፣ ቁጥሩ ይታያል፣ ኤን ይጫናል፣ ሰዉ በየክፍሉ ሄዶ ያወራል። ሦስት መቶን ያለፈ ዕለት ለስላሳ ተገዛ። ሳጥን ሳጥን ሪፖርቱም በዚሁ ቀጠለ። ብርነሽ ብቻዋን ስትሆን ጣቷን ዋይ ላይ ታሳርፍና ታነሳዋለች፤ ሂሱ ትዝ ይላታል።

ነገሩ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቢቀር ጥሩ ነበር። አልቀረም። የቢንያም ሽማግሌዎች ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ አቶ አሸቦ በሰላም ሊመልሷቸው ሲገባ አንድ ቃል ጨመሩ።

"ኮምፒዩተር እንኳን ሲከለከል ይጨምራል። እናንተ ምን ጨመራችሁ?"

አቶ ሎምቤቦ ግራ ገባቸው። "ምኑን ነው የሚጨምረው?"

"ሜጋ ባይት ነዋ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌ አላውቅም አይልም። "በሚገባ ሰምተናል" ብለው ወጡ፤ አታካናው ደግሞ ቀዘቀዘ። ከዚያ በኋላ ባለው የገበያ ቀን አንጋጫ ላይ ከብት ተራ ገብተው ሜጋ ባይት ያለው ሰው ሲያፈላልጉ ታይተዋል። አንድ ደላላ "ከወላይታ ቢመጣ እንጂ እዚህ አይገኝም" አላቸው አሉ።

ቢንያም ለብርነሽ ስልክ ደወለላት። ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም።

"ብርኔ፣ አባቴ ሜጋ ባይት ምንድን ነው አለኝ። ነገርኩት። እንዳሾፍኩበት ቆጥሮ ተቆጣ። ከመስቀል በኋላ አንዴ እንሄዳለን፣ አሁንም እምቢ ካሉን ሌላ ቤት እናንኳኳለን ብሏል። አባቴን ታውቂዋለሽ፤ ያለውን አይመልስም።"

"አንተስ?"

"እኔ ሌላ ቤት አላውቅም። ግን ያለ እነሱ አልችልም፣ አንቺም ያለ አጎትሽ አትችዪም።"

እውነቱን ነው። ሁለቱም ያለ ዘመድ የሚጫኑ ሰዎች አይደሉም። ብርነሽ ለአጎቷ ነገረቻቸው፤ "ሦስተኛው የመጨረሻቸው ነው፣ ጋሼ፣ ማርያምን!" አለች። አቶ አሸቦ ፈገግ አሉ። "ሁሉም የመጨረሻችን ነው ይላል። እኔ ራሴ ለአባይነሽ ስንት ጊዜ የመጨረሻዬ ነው ብያለሁ መሰለሽ።"

መስቀል አለፈ፤ ጥቅምት ገባ። አንድ ዓርብ አቶ አሸቦ ሠራተኛውን ሰበሰቡ። ቁጥሩ በጣም አድጓል፣ በዓሉም አልፏል፣ ከዚህ በላይ መከልከል ግፍ ይሆናል፤ ዛሬ እሺ እንለዋለን አሉ። ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር የመጡት። ወይዘሮ እልፍነሽ ቆሎ አዙረዋል። አቶ ተክለጊዮርጊስ "ረዘም ላለ ጊዜ ሲንከባለል የቆየው ጥያቄ በዛሬው ዕለት እልባት አገኘ" ብለው ከወዲሁ በሳጥን ጽፈዋል።

ብርነሽ ትዕዛዙን ጻፈች። መስኮቱ ላይ መስመር በመስመር መውረድ ጀመረ፤ አልተገኘም፣ አልተገኘም፣ አልተገኘም ይላል። ቀጥ አለ። ጥያቄው አልመጣም።

አቶ አሸቦ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሺ በይው።"

ብርነሽ ደግማ ጻፈች። አልተገኘም፣ አልተገኘም።

"እሺ በይው እያልኩሽ ነው፣ ልጄ!"

"ጋሼ፣ አልጠየቀም።"

"እኛ ተስማምተናል እኮ!"

"ያልጠየቀን እንዴት እሺ እለዋለሁ?"

ሰዉ ሁሉ ቆሎውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ብርነሽ ጉዳዩ ገብቷታል። ሲስተማቸው አርጅቷል፤ መጋዘኑ ለእንዲህ ያለው ያረጀ ሲስተም የሚያስቀምጠውን ዕቃ አንስቶ መደርደሪያውን ዘግቷል። ይህንኑ ቀስ ብላ አስረዳች።

"የት ሄደ ታዲያ?" አሉ አቶ አሸቦ።

"በጊዜው እሺ ወዳሉት።"

ይህን ስትል ድምጿ ተሰበረ። ስለ ኮምፒዩተር እያወራች እንዳልሆነ ራሷም አወቀች፣ እሳቸውም አወቁ። አቶ አሸቦ ማያውን ትተው እሷን አዩዋት። ከዚያ ኮታቸውን ፈትተው ወደ ቢሯቸው ገቡ፤ ያን ቀን እንደገና አልወጡም።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። አቶ አሸቦ ከቤተ ክርስቲያን በጥድፊያ መጥተው ሳሎን ተቀመጡ። ሰዓቱ ደረሰ፤ ማንም የለም። ተነሱና በር ላይ ቆሙ። ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል። አጥሩ ጋ ወጡ። በጋሪ የሚያልፈውን ሁሉ "በሺንሺቾ መንገድ ሽማግሌዎች አላያችሁም?" ይላሉ። አንዱ ባለጋሪ "ምን ዓይነት ሽማግሌ?" አላቸው። "የሚጠይቁ!" አሉት በጩኸት። እትዬ አባይነሽ አታካናውን ሁለት ጊዜ አሙቀው ደክሟቸው ነበር። ብርነሽ ጓዳ ሆና የአጎቷን እግር ስትሰማ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ፈርተው ስታያቸው ይህ የመጀመሪያዋ መሆኑ ገባት። እሷም ፈራች። ለሁለቱም የሚበቃ ፍርሃት ነበር።

በመጨረሻ መጡ። መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተይዞ ኖሮ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። አቶ ሎምቤቦ በሩ ላይ አንድ እግራቸውን አንስተው ጫማቸውን በእንጨት መፋቅ ጀመሩ።

አቶ አሸቦ ሮጠው ወጡ። "እሺ!" አሉ። "እሺ ብለናል! ሰጥተናል! ግቡ!"

አቶ ሎምቤቦ በአንድ እግራቸው እንደቆሙ ቀሩ።

"ምን አልክ?"

"ሰጥተናል ነው የምልህ! ከልባችን!"

"እኛ እኮ ገና ምንም አልተናገርንም።"

"መናገር አያስፈልግም!"

አቶ ሎምቤቦ እግራቸውን ቀስ አድርገው አወረዱ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሁለት ጊዜ እንደ ድንጋይ የከበደ ሰው ጫማ እስኪፋቅ እንኳ ሳይታገስ እሺ ሲል አንድ ነገር አለ ማለት ነው። "ለመመካከር ትንሽ ጊዜ ስጡን" ብለው ግቢው ውስጥ ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር ሄደው ቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ ቢያደርጉም ጓዳ ድረስ ይሰማል።

"ልጅቷ ምን ሆና ነው?" አለ አንደኛው።

"አሟት ይሆናል።"

"ወይ ከሌላ ቤት ተመልሳ ይሆናል።"

"ብንሄድ ይሻላል" አሉ አቶ ሎምቤቦ። "ያልጠየቅነውን ከሰጡን፣ ያላየነው ነገር አለ።"

አቶ አሸቦ ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ዱብ አሉ። በዕድሜ ዘመናቸው ያሉት አንድ ፈጣን እሺ ይሄ ነበር፣ እሱም ገደል ሊገባ ነው። "አበላሸሁት፣ አባይነሽ" አሉ። "የወንድሜ ልጅ ላይ አበላሸሁባት።"

ብርነሽ ይህን ሰማች። ከዚያ ምን እንዳደረገች ኋላ ስትጠየቅ እግሬ ነው የሄደው ትላለች። ጓዳውን ከፍታ ወጣች፣ ሳሎኑን አለፈች፣ አጎቷን አለፈች፣ ጭቃውን በክፍት ጫማ ረግጣ ከዛፉ ሥር ቆመች። እንዲህ ያለ ነገር በአካባቢው ታይቶ አይታወቅም፤ የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትቆምም። ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን ያውልቁ አያውልቁ ቸግሯቸው ግማሹን አወለቁ።

"አባቶቼ፣ አላመመኝም" አለች። "ልመጣ ነው። ብቻዬን ግን አልመጣም። አንጋጫ ያለችው እናቴ፣ ታናሽ እህቴ፣ እዚህ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት አጎቴ፣ እነዚህ አብረውኝ ይመጣሉ፤ ያለ እነሱ አልሠራም። ቢንያም ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው ካርታ ይወጣል። ብዙ ቦታ እይዛለሁ፤ ትንሽ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ይኸው ነው ያለው፣ የተደበቀ ነገር የለም።" ትንፋሿን ሳበች። "ልቀጥል?"

ዝም አሉ።

ሽማግሌ ይጠይቃል እንጂ ጥያቄ መጥቶበት አያውቅም። አቶ ሎምቤቦ አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። እሳቸውም ያደጉት እዚያው ነውና በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ እንደማይባል ያውቃሉ። እምቢ እንዳይሉ የመጡት ለዚሁ ነው። እንመክራለን እንዳይሉ ቆመው እየመከሩ ነው። ጭቃው ከጫማቸው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ብርነሽ ፊቷ እየነደደ ጠበቀች፤ ኮምፒዩተሩ ያን ሁሉ ጊዜ ጠይቆ ሲጠብቅ ምን ይሰማው እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበች።

ከበስተኋላዋ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት ሰው ተነሱ።

"ዝም ብለዋል!" አሉ አቶ አሸቦ፣ ግቢው እስኪያስተጋባ። "አባይነሽ፣ ሰምተሻል? ጎረቤት፣ ሰምታችኋል? ተጠይቀው ዝም ብለዋል! ዝም ያለ እሺ ብሏል!"

ማንም አይደለም አላለም። ለመቃወም መናገር ነበረባቸው፤ ማን ቀድሞ ይናገር? አቶ ሎምቤቦ አቶ አሸቦን አዩ፣ ብርነሽን አዩ፣ ከዚያ ከኪሳቸው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጡና ቋጠሮውን እየፈቱ ወደ እሷ ተጠጉ። መዳፏ ላይ ያስቀመጡላት ፍላሽ ነበር።

"አራት ሺህ ሜጋ ባይት አለው ብሎናል ልጁ" አሉ። "የሱ ነው። ከበቃ።"

ከተፋቀው ጠርዙ አወቀችው፤ ዱራሜ ላይ አውጣ ያለችው የመጀመሪያው ነው። ያ ቫይረስ ዛሬም በውስጡ እንዳለ ሳትሰካው ታውቃለች።

"ይበቃል" አለች፤ ጨበጠችው፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ፍቀው ገቡ። እትዬ አባይነሽ ክዳኑን አነሱ፤ አታካናው ገና ትኩስ ነበር።